ፍሬውን ሳይሆን ተክሉን

«ጋሼ፣ እውነት ይሄ ቲማቲም መድኃኒት ሳይረጭ ይደርሳል?»

ጠያቂዋ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ናት። ኮተቤ በተከራየችው ቤት ከአጥሩ ሥር ጠበብ ያለች ክፍት ቦታ አለቻት፤ ዘንድሮ እዚያ ቲማቲም ልትተክል ቆርጣለች። ጎረቤቷ ዕድሜያቸውን በግብርና ባለሙያነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በጓሯቸው ከጎመኑና ከቆስጣው ጎን ቲማቲም ጠፍቶ አያውቅም፤ ዝርያውም አንድ ነው፤ ማርግሎብ።

«እንዲያው በደፈናው ይደርሳል ብልሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ጠንካራ ዘር ስጡኝ ይለኛል። ምኑን እንዲችልልህ ነው ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም። ብርዱን? ድርቁን? አፈር ውስጥ ያደፈጠውን በሽታ? የክረምቱን እርጥበት? ሁሉን የሚችል ቲማቲም የለም፣ ልጄ። የሚችለውን ለይተሽ ካላወቅሽ የማይችለው መጥቶ ይጨርስብሻል።»

«ታዲያ ማርግሎብ የሚችለው የቱን ነው?»

«አጠውልግን። ዋናው እሱ ነው።»

ከዚህ አጭር መልስ ጀርባ የመቶ ዓመት ታሪክ አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ፣ በተለይም በፍሎሪዳ፣ የቲማቲም እርሻ በበሽታ ክፉኛ ተመትቶ ነበር። አንዱ ጠላት አጠውልግን የሚያመጣው፣ ፉዛሪየም የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ የነበረው ፍሬድ ፕሪቻርድ ማርቭልና ግሎብ የተባሉ ሁለት ዝርያዎችን አዳቀለ። ማርቭል በሽታን የመቋቋም ጠባይ ነበረው፤ ግሎብ ደግሞ ድቡልቡልና ሥጋ የሞላው ፍሬ ይሰጥ ነበር። ፕሪቻርድ ከልጆቻቸው መካከል ዓመት ዓመት እየመረጠ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ማርግሎብን ለገበሬዎች አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ሌላው ዝነኛ ዝርያ፣ ሩትገርስ፣ የማርግሎብ ልጅ ነው። ማርግሎብ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ከሮማ ቪኤፍና ከመኒሜከር ጋር ገበሬው በስም የሚጠራው ዝርያ ለመሆን በቅቷል።

ወጣቷ ስለ በሽታው ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ባለፈው ዓመት የተከለቻቸው ችግኞች ማበብ ሲጀምሩ አንድ በአንድ ጠውልገው ደርቀውባታል፤ ውሃ አንሷቸው መስሏት ጠዋትና ማታ ስታጠጣ ነበር።

«ቅጠሉ ከታች ነው ከላይ የጀመረው?» ሲሉ ጠየቋት።

«ከታች ነው። ደግሞ መጀመሪያ ቢጫ የሆነው ባንድ ወገን ብቻ ነበር። ሌላው ወገን ደህና ነበር።»

«እንግዲያው ጥርጣሬዬ ወደ ፉዛሪየም ነው። ፈንገሱ በሥር በኩል ይገባና ውሃ የሚወጣበትን የግንዱን መስመር ይዘጋል። ውሃ ብታንቆረቁሪበትም አይወጣም። ግን ባክቴሪያም እንዲሁ ያጠወልጋል፤ ሁለቱን ሳትለዪ ዘር አትለውጪ። እንዴት እንደሚለይ ላሳይሽ።»

ያሳዩዋት ዘዴ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከጠወለገው ተክል ከሥሩ ከፍ ብሎ ያለውን ግንድ በስለት መቁረጥ፤ የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳያነቃንቁ አንጠልጥሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ። ከጫፉ ነጭ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከፈሰሰ ችግሩ ባክቴሪያ ነው፤ ያንን ማርግሎብም አይችለውም። ምንም ካልወጣና ግንዱ ቁመቱን ሲሰነጠቅ ከልጡ ሥር ቡናማ መስመር ከታየ ግን ፉዛሪየም ወይም ዘመዱ ቨርቲሲሊየም ነው። በዘር ፓኬት ላይ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሚጻፉት ‹ቪ› እና ‹ኤፍ› የሚባሉት ፊደሎች የእነዚሁ የሁለቱ ምልክት ናቸው፤ ዝርያው ይቋቋማቸዋል ማለት ነው። ቲማቲም የሚተክል ሰው ሁሉ ይህን የብርጭቆ ሙከራ ቢያውቅ ብዙ የመድኃኒት ገንዘብ ይተርፈው ነበር፤ ለአጠውልግ ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር ምንም አይፈይድምና።

«ማርግሎብ ፉዛሪየምን ይቋቋማል ሲባል ጨርሶ አይነካውም ማለት ነው?»

«አይደለም። ይነካዋል፣ ግን ይገፋል። በኋላ የመጡት ዝርያዎች ከዱር ቲማቲም የተወሰደ አንድ ጠንካራ ዘረመል አላቸው፤ በሽታውን በር ላይ ይመልሱታል። ያንን መከላከያ የሚያልፍ ሌላ ዓይነት ፈንገስ ሲመጣ ግን መከላከያው ባንድ ጊዜ ይከሽፋል። የማርግሎብ አቅም እንደዚያ ባንድ ነገር ላይ የቆመ አይደለም። ቅጠል ይጥላል፣ ይዳከማል፣ ፍሬውን ግን ያደርሳል። ለጓሮ ይህ ይበቃል።»

«ታዲያ መቂና ባቱ ያሉት ገበሬዎች ለምን በውድ ዋጋ ዲቃላ ዘር ይገዛሉ?»

«አልፈርድባቸውም። እነሱ የሚሸጡት ለነጋዴ ነው። ፍሬው እኩል መሆን አለበት፣ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ እስኪገባ መፍረጥ የለበትም፣ ከአንድ ሄክታር የሚገኘውም ብዙ መሆን አለበት። ዲቃላው ይህን ይሰጣቸዋል። ግን ከዲቃላው ፍሬ ዘር አውጥተሽ ብትዘሪው ልጆቹ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ወንድ አያቱ፣ ሌላው ወደ ሴት አያቱ ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ሱቅ ነው። አምና ዘርሽን ከየት አመጣሽ ነበር?»

«ከገበያ ከገዛሁት ቲማቲም ነበር ያወጣሁት።»

«ይኸው ነው። ወላጁን የማታውቂውን ነበር የዘራሽው።»

ማርግሎብ እንዲህ አይደለም። የቲማቲም አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ የወንዴው ክፍል ሴቴዋን ዙሪያዋን ከብቦ ስለሚሸፍናት ከሌላ ተክል የሚመጣ ብናኝ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። በመሆኑም ጸንቶ የቆየ ዝርያ ልጁም የልጅ ልጁም ያንኑ ይሆናል። አዛውንቱ ይህ ጠባይ የማርግሎብ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ቸኩለዋል፦ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላና መልካሳልሳም ዘራቸው ለከርሞ የሚያገለግል ነው። «ማርግሎብ ካላገኘሽ እነሱን ያዢ» አሏት። «የሮማ ቪኤፍም ዘር እንዲሁ ነው።»

ስለሚችለው ይህን ያህል። ስለማይችለው ሲናገሩ ድምፃቸው ጠንከር ይላል።

«ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲማቲምሽ ሜዳ ላይ ቆሞ እንዳይገኝ። በቅጠሉ ላይ ውሃ የራሰ የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነገር ታያለሽ፤ በሁለት በሦስት ቀን ተክሉ እሳት የነካው ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። ቅዝቃዜና እርጥብ ቅጠል ይወዳል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ሁለቱንም አለው። ማርግሎብ ለዚህ ምንም መከላከያ የለውም። ከክረምቱ ሽሺ፤ ሌላ ዘዴ የለም።»

«እንግዲያው በጋውን ሙሉ ልትከል?»

«እሱም ብርድ አለው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ የአበባው ብናኝ በደንብ አይሠራም፤ አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኮተቤ እንዴት እንደሚበርድ ታውቂያለሽ።»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች፤ ቲማቲም በብዛት ከሚመረትበት ከስምጥ ሸለቆው ቆላማ ስፍራ ጋር ስትነጻጸር ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ የጓሮ አትክልተኛው ሥራ ከብርዱና ከዝናቡ መካከል ያለችውን ጠባብ ጊዜ መጠቀም ነው። አዛውንቱ የሚከተሉት እንዲህ ነው፦ ዘሩን በታኅሣሥ መጨረሻ በረንዳ ላይ በሣጥን ይዘሩታል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡታል። ችግኙ የካቲት አጋማሽ ላይ ወደ መደቡ ይወርዳል። የሚያብበው ሌሊቱ በአንጻሩ ለዘብ በሚልባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ፍሬው ከግንቦት ጀምሮ ይቀላል። የውጭ አገር የዘር ፓኬት ማርግሎብ ከተተከለ በ75 ቀን ገደማ ይደርሳል ይላል። ያ ለሞቃት በጋ ነው፤ እዚህ ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

«የሰኔ ጾም ሲገባ ለስልሱ ከጓሮሽ ትቀጥፊያለሽ» አሏት ፈገግ ብለው። «ቦታውንም አስቢበት። ከአጥሩ ሥር ያልሽው ጥላ ነው?»

«ጠዋት ጥላ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ከበስተኋላ የብሎኬት ግድግዳ አለ።»

«ግድግዳው ከተመታ ጥሩ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። ከግድግዳው ክንድ ያህል ብቻ ርቀሽ ትከዪ። ግን አምና የሞቱብሽ እዚያው ከነበሩ አፈሩ ውስጥ ፈንገሱ አለ፤ ለዓመታት ይቆያል። ቢቻል ሌላ ጥግ ፈልጊ፣ ካልሆነ ከላይ የተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ትከዪ። ታችኛውን መብሳት እንዳትረሺ። ድንች ወይም ቃሪያ የነበረበትንም መደብ ተዪው፤ ቤተሰቦቹ ናቸው፣ በሽታቸው አንድ ነው።»

አተካከሉ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሯት። የቲማቲም ግንድ አፈር በነካው ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣል፤ ስለዚህ ችግኙ የታችኛው ቅጠሉ ተቀንጥሶ እስከ አንገቱ ቢቀበር ሥሩ ይበዛል፣ ድርቅንም ይችላል። ፍጉ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩሱ ያቃጥላል። ውሃ ከሥሩ እንጂ ከላይ አይፈስም። አንድ ሳምንት ተረስቶ በሌላው ሳምንት ከጠጣ የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል፤ ይህ ተባይም በሽታም አይደለም፤ ካልሲየም ከውሃው ጋር ወደ ፍሬው ስለሚጓዝ ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቋረጣል። ደረቅ ሣር ከሥሩ መጎዝጎዝ እርጥበቱን እኩል ያደርገዋል፤ ዝናብ ሲመታም አፈር ወደ ቅጠሉ እንዳይፈናጠር ይከላከላል። ማርግሎብ ከአንድ ሜትር በላይ ይቆማልና ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል።

«ትሉስ ጋሼ? ቅጠሉ ውስጥ መንገድ እየሠራ የሚሄደው?»

«ቱታ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባ፣ በ2012 እኛ ዘንድ ደረሰ። ማርግሎብ ሲፈጠር በዚህ በኩል ማንም አያውቀውም ነበር፤ እንዴት ይችለዋል? ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ስታዪ በእጅሽ ቅጠፊውና በላስቲክ አሥረሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ሜዳ ላይ አትጣዪው። ለጥቂት ተክል ይህ በቂ ነው።»

በዚህ መሐል የቤቱ እመቤት ሰሐን ይዘው ብቅ አሉ። ሰሐኑ ላይ የደረቀ የቲማቲም ዘር ተበትኗል። ባለቤታቸው ስለ በሽታና ስለ ዝርያ ብዙ ይናገራሉ እንጂ በዚህ ቤት ዘር የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ለዘር የሚሆነውን እንዴት ነው የሚለዩት? ትልቁን ፍሬ ነው?»

«ፍሬውን አይደለም፣ ተክሉን ነው» አሉ እመቤቲቱ። «ፍሬው ሳይቀላ ነው የምጨርሰው። በየቀኑ አያለሁ። የትኛው ቀድሞ ቋጠረ? የትኛው ቅጠሉን ሳይጥል ቆየ? ጎረቤቱ ሲጠወልግ ያልጠወለገው የቱ ነው? እሱ ላይ ቀይ ክር አሥራለሁ። ክር ያለበትን ማንም አይቀጥፍም፤ እሱም ቢሆን» አሉ ወደ ባለቤታቸው እያዩ።

«ከታመመ ተክል ላይ ግን ትልቅ ፍሬ ቢገኝስ?»

«አልወስድም። ያምር ይሆናል፣ ግን በሽታውን ይዞልሽ ይመጣል።»

አነጋገራቸው ቀላል ይምሰል እንጂ ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። አንዳንድ የቲማቲም ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች በዘሩ ላይ ተቀምጠው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራሉ። በገበያ ላይ ከተደረደረ ቲማቲም መካከል ትልቁን መርጦ ዘር የሚያወጣ ሰው ተክሉ እንዴት እንደነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማሽላ ከመታጨዱ በፊት ማሳው ውስጥ እየዞረ ለዘር የሚሆነውን ዛላ የሚመርጠው ተክሉ በቆመበት ነው። የአገሪቱን የዘር ባንክ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እየተዘራ እንዲጠበቅ የሠሩት ሥራ ይታወቅላቸው ነበር። የጓሮ ቲማቲም ከማሽላና ከስንዴ ጋር የሚተካከል ሀብት አይደለም። ዘሩን የመጠበቁ ጥበብ ግን ያው ነው፤ ከተማ ውስጥ እየተረሳ መምጣቱም ያሳዝናል።

እመቤቲቱ ዘሩን የሚያወጡበት መንገድ እንዲህ ነው። ክር ከታሠረበት ተክል ፍሬው ፍጹም እስኪበስል ይጠብቃሉ። ፍሬውን ለሁለት ከፍለው ዘሩን ከነልጋጉ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምቁታል፤ ጥቂት ውሃ ጨምረው ሁለት ሦስት ቀን ይተዉታል። ይሸታል፣ ከላይ ነጭ ነገር ይሠራል። በዘሩ ዙሪያ ያለው ልጋግ ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለው፤ መቡካቱ ያንን ያስወግደዋል። ከዚያ በብዙ ውሃ ሲታጠብ ደህናው ዘር ይዘቅጣል፤ ገለባው ይንሳፈፋል፣ ይደፋል።

«የምታደርቂው በሰሐን ላይ ነው» ሲሉ አስጠነቀቋት። «በወረቀት ላይ ካደረግሽው ይጣበቅብሻል። የጠራራ ፀሐይ አታሳዪው፤ ጥላ ላይ በየጊዜው አገላብጪው። ሲደርቅ በፖስታ አድርገሽ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፊበት። እርጥበት ካልነካው አራት አምስት ዓመት ይበቅላል።»

«እንዲህ እየመረጥኩ ብሄድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከማርግሎብ የተሻለ የራሴ ቲማቲም ይወጣል?»

ይህን ጥያቄ አዛውንቱ ወዲያው አልመለሱም። ተስፋ ሊያስቆርጧት አልፈለጉም፤ ከእውነቱም ሊወጡ አልፈለጉም።

«ቶሎ አትጠብቂ። ራሱን የሚያዳቅል ተክል ልጆቹ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነት ከሌለ የምትመርጪው ነገር የለም። የምትሠሪው ሥራ በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ሳይታሰብ የተዳቀለውን ታስወጫለሽ፣ ደካማውን ታስወጫለሽ፣ የታመመውን ታስወጫለሽ። ይህን የማያደርግ ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት የያዘው ማርግሎብ በስም ብቻ ይሆንበታል። አዲስ ነገር ከፈለግሽ ግን ማዳቀል አለብሽ፣ እንደዚያ እንደ አሜሪካዊው መካኒክ።»

መካኒኩ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሎጋን ከተማ ይኖር የነበረ ራዲያተር ቻርሊ በመባል የሚታወቅ ሰው ነው። የእጽዋት ትምህርት አልነበረውም። አንድ ትልልቅ ፍሬ የሚሰጥ ቲማቲም መሐል ላይ ተክሎ ዙሪያውን በሌሎች ትላልቅ ዝርያዎች ከበበው፤ የእነሱን ብናኝ እየሰበሰበ የመሐለኛውን አበባ በእጁ አዳቀለ። ምርጡን ዘር እየያዘ ለዓመታት ቀጠለ። ዝርያው ሲጸናለት ችግኙን አንዱን በ1 ዶላር ሸጦ የቤቱን የ6,000 ዶላር ዕዳ በስድስት ዓመት ውስጥ ከፈለ፤ ቲማቲሙም ‹ሞርጌጅ ሊፍተር› ተባለ። ዛሬም ዘሩ ይሸጣል።

«እኔ ዕዳ የለብኝም፣ የቤት ኪራይ ነው ያለብኝ» አለች ወጣቷ፤ ሦስቱም ሳቁ።

እመቤቲቱ ከሰሐኑ ላይ ቆንጥረው በፖስታ አደረጉላት። ፖስታው ውስጥ ከምትተክለው በላይ ብዙ ዘር አለ።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ ይበዛል። ስንት ተክል ይበቃኛል?»

«ለመብላት አራት ይበቃሻል። ለዘር ግን ከአንድ ብቻ አትውሰጂ፤ ከሁለት ከሦስት ደህና ተክል ቀላቅዪ። የቀረውን ለሌላ ሰው ስጪ። እህትሽ አዳማ አይደለችም?»

«አዎ፣ አዳማ ናት።»

«እንግዲያው ግማሹን ላኪላት» አሉ አዛውንቱ ቀደም ብለው። «እዚያ ሌሊቱ እንደ እኛ አያስቸግራትም፤ የሚያስቸግራት የቀኑ ሙቀት ነው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍም አበባው ይረግፋል። ለእሷም ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ በጥቅምት ትከል በያት፤ የእኛን ቀን መቁጠሪያ አትከተል። ያንቺ ቢጠፋ የእሷ አለ፣ የእሷ ቢጠፋ ያንቺ አለ። ፖስታው ላይ ግን ኮተቤ ብለሽ ጻፊበት፤ ከየት እንደመጣ ይታወቅ።»